የእትዬ ዘሀራ ፓፓያ የጠጣው ውሃ

ሸዋ ሮቢትን አብዛኞቻችሁ የምታውቋት በአውቶቡስ መስኮት ነው። ወደ ደሴ ስትሄዱ ሙቀቱ ከእንቅልፋችሁ ይቀሰቅሳችኋል፣ በመስኮት ፓፓያ ትገዛላችሁ፣ ሸሚዛችሁን ከጀርባችሁ ላይ ላቀቅ አድርጋችሁ ተመልሳችሁ ታንቀላፋላችሁ። እኔም እስከ ዘንድሮ ከዚህ የተሻለ አላውቃትም ነበር። አሁን ግን ወርጄ ሰንብቼባት ስለመጣሁ፣ ከጉለሌ ብርድ ለማትላቀቁት ወዳጆቼ ያየሁትን ልንገራችሁ። የሄድኩበትን ጉዳይ ስትሰሙ ግን ቀስ ብላችሁ ሳቁ። የሄድኩት ሰው የታጠበበት ውሃ የት እንደሚገባ ለማየት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንጀራዬ የውሃና የፍሳሽ መሐንዲስነት ነበር። ሰሞኑን ሆቴሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቢሮው፣ መስጊዱ፣ በጠቅላላው መኖሪያ ያልሆነ ሕንፃ ሁሉ ግራጫ ውሃውን መልሶ የሚጠቀምበትን ደረጃ የሚያወጣ ኮሚቴ ሲቋቋም፣ አንድ ሽማግሌ አይጠፋ ብለው መሰለኝ እኔንም አስገቡኝ። ግራጫ ውሃ የምንለው ከእጅ መታጠቢያና ከሻወር የሚወጣውን፣ ሽንት ቤት ያልነካውን ውሃ ነው። ከኩሽና የሚወጣው ቅባት ስላለበት ከዚህ አይቆጠርም።

ለባለቤቴ ለእታፈራሁ ይህን ሁሉ ሳስረዳት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «እኔ ልብስ ያጠብኩበትን ወለል ስወለውልበት፣ የወለወልኩበትን ግቢ ስረጭበት ስንት ዘመኔ። ለዚህ ነው ኮሚቴ የተቀመጠው?» አለች።

«ያንቺ መኖሪያ ቤት ነው። የእኛ መኖሪያ ላልሆነ ሕንፃ ነው።»

«ከሶፋ የማትነሳ ሰውዬ፣ አንተ ስለ መኖሪያ ያልሆነ ምን ታውቃለህ?»

በረቂቁ ውስጥ ግን አንድ የምኮራበት አንቀጽ ነበረኝ። የእጅ መታጠቢያ ውሃ ከሁሉም የቀለለ ነው፤ በጠጠርና በአሸዋ ካለፈ ለዛፍ ይሰጥ ይላል። የሌሎች አገሮችን ደረጃ አገላብጬ፣ መነጽሬን ሦስቴ ጠርጌ የጻፍኩት ነው። ኮሚቴው ከማጽደቁ በፊት ሞቃት አገር ሄዳችሁ እዩት ብሎ እኔንና ሰናይትን ላከን። ሰናይት ድሮ ተማሪዬ የነበረች፣ አሁን በኮሚቴው አለቃዬ የሆነች መሐንዲስ ናት። እንዲህ ያለ የደረጃ ዕድገት የገጠመው ሰው ከእኔ ሌላ አላውቅም።

የመጀመሪያው ቀን

ከጉለሌ ስንነሳ ካፖርት፣ ሹራብ፣ ከሱሪዬ ሥር ደግሞ እታፈራሁ በግድ ያለበሰችኝ የሱፍ ውስጥ ሱሪ ነበረብኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ለሻይ ወርደን ነፋሱ ጆሮዬን ሲገርፈኝ ሚስቴን መረቅኳት። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ገብተን በጉም ወጣን። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛንና ካፖርቱን አወለቅኩ። አርማንያ ስንደርስ ሹራቡን አወለቅኩ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ታች መውረዱን ቀጠለ፣ የእኔ ግን የሚወልቅ አለቀ። የቀረችኝ ያቺ የሱፍ ሱሪ ናት። እሷ ከሱሪ በታች ናት፤ መኪናውን የምትነዳው ደግሞ ሰናይት ናት።

«ጋሼ ደምሴ፣ ላብ በላብ ሆኑ እኮ። አሞዎት ይሆን?» ትለኛለች በየመሀሉ።

«የለም፣ አገሩን እያደነቅሁ ነው።»

ሸዋ ሮቢት የደረስነው ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና ነው። ጉለሌ ፀሐይ ስትወጣ ወንበር ይዘን እንወጣለን። እዚህ ፀሐይ ስትወጣ ወንበር ይዘው ይሸሻሉ። ባጃጁ ሁሉ ጥላ ፍለጋ ተጠጋግቶ ቆሟል፤ የሽንኩርት ጆንያ የጫነ መኪና ሥር ሰዎች ተጋድመዋል። ያረፍነው በእትዬ ዘሀራ ቤት ነው። ፊት ለፊቱ ምግብ ቤት፣ ጎኑ የመኝታ ክፍሎች፣ ጀርባው ደግሞ ጓሮ ነው። ዕድሜዋ ከታናሽ እህቴ አይበልጥም፤ ከተማው ሁሉ እትዬ ስለሚላት ግን እኔም እትዬ አልኳት።

ወዲያው ክፍሌ ገብቼ ያቺን ሱሪ ተገላገልኩና ሻወር ገባሁ። ከደስታዬ ብዛት ዘፈንኩ። ድምፄን የምታውቁ ለሰፈሩ አዘኑለት። ለባብሼ ወደ ጓሮው ስወጣ፣ ከፓፓያው ሥር የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ ዞር ብለው አዩኝ። ከእግራቸው አጠገብ ባለች ቦይ ነጭ የሳሙና አረፋ እየተንሳፈፈ ወደ ሙዙ ይሄዳል።

«ዘፋኙ አንቱ ነዎት?» አለችኝ እትዬ ዘሀራ። «ዘፈኑን ሰምተን ማን ነው ስንል አረፋው ደረሰ።»

«ድምፁ ነው ወይስ አረፋው የተሻለው?»

«አረፋው ይሻላል፣ ወላሂ።»

ጓሮውን እንዳላየሁት እንዳልፍ አትፍቀዱልኝ። አንድ ትልቅ ማንጎ፣ ከዚያ ዙሪያ ፓፓያ፣ ሙዝና ሎሚ፣ ከሥራቸው ጠረጴዛዎች። ከመንገዱ ገብታችሁ እዚያ ስትቀመጡ ሌላ አገር የገባችሁ ይመስላችኋል። ሹፌሩም ነጋዴውም የሚመጣው ለዚህ ጥላ ነው። ምግቡ የትም አለ። ዛፎቹ የሚጠጡት ደግሞ ከሻወሩና ከእጅ መታጠቢያው የሚወጣውን ውሃ ነው፤ ቧንቧው ጠጠር የሞላበት ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ከጉድጓዱ ወደ ቦዩ ይወጣል። ልክ እንደ አንቀጼ። አንድ ነገር ግን ነበር። ነፋሱ ሲዞር ይሸታል።

ማምሻው ላይ እትዬ ዘሀራ አጠገባችን ተቀመጠችና ጉዳዩን ነገረችን። የከተማው የጤና ባለሙያ ሽታውን ሰምቶ መጥቷል። ትሑት ሰው ነው፣ አልተቆጣትም። ቧንቧው በሲሚንቶ ይደፈንና ውሃው ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ ይግባ ነው ያለው። የእኛን መምጣት ሲሰማ ደግሞ፣ እነሱ ይሁን ካሉ እተወዋለሁ፣ አይሆንም ካሉ እደፍናለሁ ብሏል።

«የከተማው ውሃ በፈረቃ ነው» አለች። «ያንን ለዛፍ ላጠጣ ብል ሰው ምን ይጠጣል? ቧንቧው ከተደፈነ ጥላዬ በአንድ በጋ ይደርቃል። ያለጥላ ደግሞ እዚህ ማን ይቀመጥልኛል? እስቲ አንቱ ይፍረዱ።»

እኔ ልፈርድላት አፌን ስከፍት ሰናይት ቀደመችኝ። «እናያለን፣ እትዬ ዘሀራ። አሁን ምንም አንልም።»

አለቃ ማለት ይኼ ነው።

ራት ስንጠየቅ እትዬ ዘሀራ እንደ አገሩ ወግ ራሷ ተናገረች። «ሥጋዬ የእስላም ነው። ለናንተ ማሾ ሾርባ፣ እንቁላልና ሰላጣ አለ። ሥጋ ካማራችሁ የክርስቲያኑ ቤት ማዶ ነው፤ አልቀየምም።» ማሾ የቆላው ጥራጥሬ ነው፤ አረንጓዴ፣ ከአተር ያነሰ። ለአዲስ አበባ እንግዳ ክብር ማንኪያና ሹካ ቀረበልን። ሾርባውን በማንኪያ፣ ሰላጣውን በሹካ በላሁ። ሰላጣውማ ግሩም ነበር፤ ሁለት ሳህን አስደገምኩ።

ሁለተኛው ቀን

ጧት ፀሐይዋ ሳትበረታ ወደ አንድ መስጊድ ሄድን። የግቢው ጠባቂ ሐጂ እንድሪስ፣ ከእኔ በጥቂት የሚበልጡ፣ ከእኔ በብዙ የሚፈጥኑ ሰው ናቸው። ሰው ለሶላት ውዱእ የሚያደርግበት ረጅም የቧንቧ ረድፍ አለ። ውሃው እንደ እትዬ ዘሀራ ባለ የጠጠር ጉድጓድ አልፎ የሎሚ ዛፎች ሥር ይገባል። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። ምንም የለም። ጎንበስ ማለቱ ቀላል ነበር፤ ቀና ማለቱ ግን ሐጂን አስፈለገኝ።

«ጠጠሩን በየስንት ጊዜው ትቀይሩታላችሁ?» አለቻቸው ሰናይት።

«ምን ሆኖ እንቀይረዋለን፣ ልጄ? ከመንገድ የመጣ እግርና ፊት ነው የሚታጠብበት። አቧራ ነው፤ አቧራ ይሰምጣል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እርስዎ ግን ይህን ያህል መንገድ የመጡት ጉድጓድ ሊያሸቱ ነው?» አሉ።

«ደመወዝም የለውም።»

«አላህ አጅሩን ይክፈልዎ» አሉና ከላስቲክ ሙሉ ሎሚ ጋር ሸኙን።

እኔ በመንገድ ላይ ደረቴን ነፋሁ። አንቀጼ ትክክል ነው፤ የታጠቡበት ውሃ፣ ጠጠር፣ ዛፍ፣ ሽታ የለም። ሰናይት ግን መሪውን ይዛ ታስባለች። ስታስብ ደግሞ አንድ ሰው ጥፋተኛ ሊሆን ነው።

ስንመለስ እትዬ ዘሀራ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ አስጠራችልን። ጉድጓዱን ሲከፍተው ሽታው ሁላችንንም ወደ ኋላ ገፋን። ጠጠሩ ላይ እንደ ሰም የረጋ፣ ቢጫማ የቅባት ግግር ተጋግሯል። ውሃው መስረጊያ አጥቶ በላዩ ላይ እየተንሸራተተ ነው ቦዩ የሚገባው። የትናንቱ አረፋዬም በዚያ በኩል ነው የመጣው።

«እትዬ ዘሀራ» አለች ሰናይት፣ «የኩሽናውን ቧንቧ ቀላቅለውበታል።»

«እኔ? ወላሂ አልቀላቀልኩም።»

«ይህ ቅባት ከሻወር አይመጣም።»

«ነይ ላሳይሽ፣ ልጄ።» እጇን ይዛ ወሰደቻት። እኔም ተከተልኩ። የኩሽናው ፍሳሽ እውነትም በሌላ በኩል፣ ለብቻው ጉድጓድ ነው የሚገባው። ሠራተኛውም መሰከረላት። ሰናይት ግን ድሮ እኔ እንዳስተማርኳት ዓይኗን አላመነችም፤ ያስተማርኳትን ሁሉ አለመርሳቷ ያናድደኛል። «እንግዲያው በድብቅ የሆነ ቦታ ይገናኛል» አለች።

እትዬ ዘሀራ ሻሿን አስተካክላ ወደ ቤት ገባች። ያን ቀን አላናገረችንም። ራት ግን በሰዓቱ መጣ፣ ተቀይማ እንኳ ማንኪያችንን አልረሳችም። እንደዚያ ያለ ቅያሜ ከባድ ነው። ቢያንስ ሾርባው ጨው ቢበዛበት ቀለል ይለኝ ነበር።

«የመስጊዱ የእጅና የእግር፣ የዚህም የእጅና የሻወር» አልኳት ሰናይትን። «ምን ለየው?»

«አላውቅም። ባለማወቄ ደግሞ ይሁን ልል አልችልም። ባለቤቱ ምን እንደሚቀላቅል ካልታወቀ፣ ማጣሪያ ማሽን የሌለው ሆቴል ሁሉ ይከልከል ብለን መጻፍ ይሻላል። ነገ የጀውሃን ምግብ ቤቶች አይተን እንደተመለስን ይደፈን እላለሁ።»

ማሽኑ የሚገዛበትን ብር እትዬ ዘሀራ በሕልሟም አላየችውም። ለእኔም እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ በእርግጥ ግማሹ የሙቀቱ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ቀን

ጀውሃ መንገድ ላይ የተሰለፈች ከተማ ናት። ከባድ መኪናዎች ግራና ቀኝ ቆመው፣ ሹፌሮቹ የሚበሉበት ምግብ ቤት እንደ ሰንሰለት ተያይዟል። ሁለት የምግብ ቤት ጉድጓዶች አየን፤ ሁለቱም እንደ እትዬ ዘሀራው በቅባት ተደፍነዋል፣ ሁለቱም ባለቤቶች ኩሽና አልቀላቀልንም ብለው ማሉ። ሰናይት፣ «አገሩ ሁሉ ይዋሻል» አለች። እኔ ግን ራበኝ።

የክርስቲያን ቤት አግኝተን የፍየል ጥብስ አዘዝን። ስቡ ሳይራገፍ፣ አዋዜ የበዛበት፣ እንጀራው እስኪያብረቀርቅ ድረስ የተጠበሰ። እዚህ ማንኪያ የሚያቀርብልኝ የለም። እስከ አንጓዬ ገባሁበት። ሰናይትም አለቃነቷን ረስታ ጎረሰች፤ አንዴ እኔንም አጎረሰችኝ።

ከዚያ ልታጠብ ተነሳሁ። ከቧንቧው ፊት ሹፌሮች ስለተሰለፉ ተራዬን ጠበቅኩ። ውሃውን ስከፍት ከጣቶቼ ቀይ ቅባት ወረደ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ ወረደ፣ ሳሙናውን ስደግም ደግሞ ቢጫ አረፋ ሆኖ ወረደ። ገንዳው ጠርዝ ላይ ያ የማውቀው ግግር ተለጥፏል። እጄን እያየሁ ቆምኩ።

«አባባ» አለኝ ከኋላዬ ያለው ሹፌር፣ «እጅዎን ነው የሚያጥቡት ወይስ ኃጢአትዎን?»

«ሁለቱንም ነው፣ ልጄ። ሁለተኛው እያስቸገረኝ ነው።»

«እንግዲያው እኔን ያስቀድሙኝ፤ መኪናዬ ደሴ ማደር አለበት።»

ቦታዬን ለቀቅኩለትና ያልደረቀ እጄን አንከርፍፌ ወደ ሰናይት ሄድኩ። «ኩሽናው ተገኘ» አልኳት፤ ጣቶቼን አሳየኋት። «ይኼው አሥሩም።»

መጀመሪያ ሙቀቱ አናቴን የነካኝ መሰላት። ከዚያ የራሷን እጅ አየች። ገና አልታጠበችም ነበር፤ ቅባቱ ክርኗ ድረስ ወርዷል።

አያችሁ፣ ያንን አንቀጽ የቀዳሁባቸው አገሮች ሰዎች የሚበሉት በሹካ ነው። ምግብ ቤት ውስጥ የሚታጠቡት እጅ የበር እጀታ የነካ እጅ ነው። እኛ የምናጥበው ግን ድስት ነው፤ እጃችን ሳህናችንም ማንኪያችንም ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ሰባ ምናምን ዓመት በእጄ የበላሁ ሰው እስከ ጀውሃ መምጣት አስፈለገኝ። እትዬ ዘሀራ በማንኪያ ባታከብረን ኖሮ ገና በመጀመሪያው ቀን እናውቀው ነበር።

ከምሳ በኋላ አልቆየንም። ሰናይት መኪናውን አብርራ ሸዋ ሮቢት ስንገባ እትዬ ዘሀራ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ልትደፈን የደረሰች ቧንቧ እንደ ልጅ አሳዝናታለች መሰለኝ።

«እትዬ ዘሀራ፣ የምግብ ቤቱ እጅ መታጠቢያ ከየትኛው ቧንቧ ጋር ነው?» አለች ሰናይት።

«ከሻወሩ ጋር ነዋ። እጅ መታጠቢያ አይደል?»

«ቧንቧው ሳይገባ በፊትስ?» አልኩ እኔ።

«ያኔማ በማስታጠቢያ ነበር፤ በጆግ እናስታጥብ ነበር።»

«ሳፋው ሲሞላ የት ትደፊው ነበር?»

«ከኩሽናው ጉድጓድ ነዋ። የበሉበትን እጣቢ ማን ዛፍ ላይ...» አለችና ቆመች። እኔን አየች፣ ሰናይትን አየች፣ ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትስቅ ጀመር።

ሰናይት አልሳቀችም። «እትዬ ዘሀራ፣ ትናንት ዋሽተዋል ያልኩ ያህል ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እኔም ይቅርታ» አልኩ።

«ይቅር ብያለሁ፣ ልጄ። የአባባስ ይቅርታ የኮሚቴው ነው የራሳቸው?»

«የራሴ ነው። የኮሚቴው እስኪጸድቅ ይቆያል።»

አራተኛው ቀን

ሠራተኛው ገና በጧት መጥቶ የምግብ ቤቱን መታጠቢያ ቆርጦ ከኩሽናው ፍሳሽ ጋር ገጠመው። የተጋገረው ጠጠር ወጥቶ ከወንዝ የመጣ አዲስ ጠጠር ገባ። እኔም አካፋ ይዤ ረዳሁ፤ ማለትም አካፋውን ይዤ ቆምኩ። የጤናው ባለሙያ ሲደርስ ሲሚንቶውን በባጃጅ አስጭኖ ነበር። ሰናይት ጉድጓዱን አሳየችው፣ የጀውሃውንም ነገረችው። ጎንበስ ብሎ አሸተተ፣ ቆየት ብሎ እንደገና አሸተተ።

«እናንተስ ምን ትላላችሁ?» አለ።

«ዛፎቹ ይጠጡ» አለች ሰናይት። «ቦዩ ተሸፍኖ ውሃው በአፈር ሥር ይሂድ። ጠጠሩ በየጊዜው ይታይ። ከዚህ ሌላ፣ ከመሬት ተጠግቶ በጥሬው የሚበላ ነገር በዚህ ውሃ አይብቀል። ያቺ ሰላጣ ትነቀል።»

ወደምትጠቁመው አየሁ። ከሙዙ ሥር፣ አረፋዬ በሄደበት በኩል፣ ለምለም የሰላጣ መደብ አለ።

«ሰላጣው ለአዲስ አበባ እንግዳ ነበር የተተከለው» አለች እትዬ ዘሀራ። «ከዚህ አገር ሰው ማን ይበላዋል? አባባ ግን ወደውት ነበር።»

ሁሉም አዩኝ። ሆዴን ዳሰስኩት። ምንም አላለኝም፤ ከእኔ ጋር የኖረ ሆድ ነው፣ ብዙ አይቷል።

ባለሙያው ሲሚንቶውን ባጃጁ ላይ ትቶ ማንጎው ሥር ተቀመጠና ሻይ አዘዘ። እትዬ ዘሀራ ልትሸኘን ስትወጣ ማሾ በላስቲክ ቋጥራ በመስኮት አስገባችልኝና፣ «ሲታጠቡ ይዝፈኑ፣ ችግር የለም። ዛፎቹ ለምደውታል» አለችኝ። ሽቅብ ስንወጣ ደብረ ሲና ላይ ሹራቤን፣ ደብረ ብርሃን ላይ ካፖርቴን መልሼ ለበስኩ። ያቺን የሱፍ ሱሪ ግን እትዬ ዘሀራ ቤት አልጋ ሥር ረስቻት መጥቻለሁ። እታፈራሁ እስካሁን አልጠየቀችኝም፤ ይህንንም እንዳታነቡላት።

ኮሚቴው ፊት ስቀርብ አንቀጼን በገዛ እጄ ሰረዝኩት። በምትኩ ሰው በእጁ የሚበላበት ቤት የእጅ መታጠቢያ ከኩሽና ይቆጠራል፣ ሻወሩና ውዱእ ማድረጊያው ግን ለዛፍ ይሰጥ የሚል ገባ። አንዱ አባል፣ «እንዲህ ያለ ነገር የየትኛው አገር ደረጃ ላይ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ሰናይት፣ «የኛ» አለችው። ክርክሩ ምሳ ድረስ ሄዶ፣ ምሳ ላይ ጥብስ መጣና ከታጠቡ በኋላ ተስማሙ።

ከሰሞኑ በደሴ አውቶቡስ አንድ ካርቶን ፓፓያ መጣልኝ። እትዬ ዘሀራ ቀድማ ደውላ ነበር። «ሽታው ጠፍቷል፣ አልሃምዱሊላህ። ጥላው አለ፣ ሰላጣው የለም። ያቺ ትልቋ ፓፓያ ከሻወርዎ አጠገብ የነበረችው ናት» አለችኝ።

እታፈራሁ ፓፓያዋን አገላብጣ አየቻት። «አንተ የታጠብክበትን ነው የምበላው?»

«በጠጠር አልፎ፣ በአፈር አልፎ፣ በግንድ ወጥቶ ነው።»

«አንተ ግን ያው ነህ» አለችና ቆረጠቻት። ሁለታችንም በእጃችን በላን፤ ጭማቂው ክርናችን ድረስ ወረደ። እንዲህ የጣፈጠ ፓፓያ በልቼ አላውቅም፣ እሷም ሁለተኛውን ቁራሽ ሳትጠየቅ አነሳች። ስጨርስ ተነስቼ ወደ መታጠቢያ ቤት ሳመራ፣

«ወዴት ነው?» አለችኝ።

«እጄን ልታጠብ።»

«የበላህበትን እጅ ወጥ ቤት ነው የምትታጠበው። ደረጃ አውጪው አንተ አይደለህ እንዴ?»

ወጥ ቤት ሄድኩ።